«ማሚ፣ መጥተሽ ውሰጂኝ»

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ናይሮቢ አካባቢ ባለ የሜዳ ቴኒስ አዳሪ አካዳሚ ከገባች ስድስት ወር ሆናት። ራኬት የያዘችው እዚሁ ሐዋሳ፣ በስምንት ዓመቷ፣ ኳስ ልታቀብል ሄዳ ነው። የክፍያውን ግማሽ አካዳሚው በስኮላርሺፕ ቻለ። የቀረውን አባቷ ከዕቁቡ፣ ውጭ ያለው ወንድሜ ከደሞዙ እየሸፈኑ ነው። ስትሄድ ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ቆርሶ ሸኛት። አሁን እሁድ እሁድ ማታ ትደውልና «ማሚ፣ መጥተሽ ውሰጂኝ» እያለች ታለቅሳለች። ሰኞ አሰልጣኟን ስጠይቀው «ደህና ናት፣ እየሠራች ነው» ይለኛል። ባለፈው ወር ዳሬሰላም ለሁለት ውድድር ሄዳ ሁለቱንም በመጀመሪያው ዙር ወጣች። «ኳሱ ከበደኝ» ነው ያለችኝ። አባቷ «ትጽና፣ ትለምደዋለች» ይላል። ወንድሜ «ያ ሁሉ ብር ከወጣ በኋላ?» ይላል። እናቴ ደግሞ ልጅቷ ሁዳዴን በሥጋ ልታሳልፈው ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ለፋሲካ እረፍት ትመጣለች። ላስቀራት ወይስ ልመልሳት?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ፋሲካ እስኪደርስ አይወስኑ። ከፋሲካ በኋላም ብቻዎን አይወስኑ፤ ልጅቷ አለችበት። እስከዚያ ግን የሚሠራ ሥራ አለ። አብዛኛው ደግሞ የእርስዎና የቤተሰቡ ሥራ ነው፣ የእሷ አይደለም።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በውስጡ ያሉት ሁለት ቀኖች ብቻ ናቸው። እሁድ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሰኞ አሰልጣኙ «ደህና ናት» ይላል። ረቡዕ የለም። እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው ረቡዕን ነው።

አዳሪ ቤት ያደገ ሰው ይጠይቁ፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከባድ እንደሆነ ይነግርዎታል። በሌላው ቀን ደወል አለ፣ ሜዳ አለ፣ የቤት ሥራ አለ። ለናፍቆት ጊዜ የለም። እሁድ ግን የከተማዋ ልጆች ቤተሰቦቻቸው መጥተው ይወስዷቸዋል፣ ዶርሙ ጭር ይላል። ያኔ ስልኳን ታነሳለች። በዚያ ሰዓት ሐዋሳ ምን አለ? ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ የስኒው ድምፅ በስልክ ይሰማታል። የትልቅ ሰውም ሆድ ይብሳል።

የእርስዎም ቤት እንደ አብዛኛው ቤት ከሆነ ስልኩ ይዞራል። አያት ይመርቃሉ። አክስት «ከሳሽ» ትላለች። ከጎረቤት አንዷ ደግሞ «ዋንጫው መቼ ነው ታዲያ?» ብላ ትስቃለች። ልጅቷም አብራ ትስቃለች። ስልኩ እርስዎ እጅ ተመልሶ ወደ ጓዳ ሲገቡ ነው «ውሰጂኝ» የሚመጣው።

ይህ ናፍቆት ብቻ አይመስለኝም። ዕዳም አለበት። የአባቷን ዕቁብ ታውቃለች፣ የአጎቷን ደሞዝ ታውቃለች፣ የተቆረሰውን ዳቦ አይታለች። በ14 ዓመቷ ይህን ሁሉ ሰው በይሉኝታ ተሸክማ ሰርቭ (ነጥቡን የሚከፍተውን ምት) ትመታለች። እናም ከዛሬ ጀምሮ የእሁዱን ስልክ ለብቻዎ ያውሩ። ከቡናው በፊት ወይም በኋላ፣ ከቤት ወጣ ብለው። ጎረቤት ቢቀየም ይቀየም።

ለጎረቤትዎም ሆነ ለአባቷ አንድ ነገር ያስረዱልኝ። እኛ የሯጭ አገር ሰዎች ነን። በሩጫ ስድስተኛ የወጣች ልጅ «ሰዓቷን አሻሽላለች» ተብላ ትመሰገናለች። ቴኒስ ይህ ማጽናኛ የለውም። 32 ልጆች በገቡበት ውድድር የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ 16ቱ ተሸንፈዋል። ውድድሩ ሲዘጋ ያልተሸነፈችው አንዲት ብቻ ናት። የቱኒዚያዋ ኦንስ ጃቡር በ12 ዓመቷ ገደማ ከቤቷ ርቃ ቱኒስ የስፖርት ትምህርት ቤት የገባች ናት። አድጋ የዓለም 2ኛ ሆነች። ሦስት ጊዜ የታላላቆቹ ውድድሮች ፍጻሜ ደርሳለች፤ ዊምብልደን በ2022 እና በ2023፣ ዩኤስ ኦፕን በ2022 (እ.ኤ.አ.)። ሦስቱንም ተሸንፋለች። ይህን ለልጅዎ መንገር አያስፈልግም፣ ታውቀዋለች። «ዋንጫው መቼ ነው» ለምትለው ይንገሩልኝ።

«ኳሱ ከበደኝ» ያለችውም ሰበብ አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ናይሮቢም ከዚያ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል። የቴኒስ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። ዳሬሰላም ግን ውቅያኖስ ዳር ናት። አየሩ የታመቀ ነው፣ ወበቁም ሌላ ጣጣ ነው። ከፍታ ላይ የለመደ እጅ እንደ ወትሮው ሲመታ ኳሱ እዚያ ያጥራል፣ መረብ ላይ ይቀራል። ለዚህ ጥቂት ቀን ቀድሞ ሄዶ መልመድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኞ አሰልጣኙን «ደህና ናት?» ብለው አይጠይቁት። «ዳሬሰላም ከውድድሩ ስንት ቀን በፊት ደረሳችሁ?» ይበሉት። በዋዜማው ማታ ከሆነ ሽንፈቱ የልጅቷ ብቻ አይደለም። መልሱን ለልጅቷም ይንገሯት፣ ትንሽ ይቀላታል።

አሁን ወደ ረቡዕ። ደህና አካዳሚ ውስጥ የዚህ ዕድሜ ልጅ ቀን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመስላል። ጠዋት 12 ሰዓት ደወል። አልጋ ተነጥፎ ቀለል ያለ ሩጫና ሰውነት ማፍታታት፣ ከዚያ ቁርስ። ከ2 እስከ 7 ሰዓት ክፍል። ምሳና ትንሽ እረፍት። ከ9 እስከ 11 ሜዳ፤ አንድ ቅርጫት ሙሉ ኳስ፣ አንዱን ምት ደጋግሞ ደጋግሞ፣ ከዚያ ሰርቭ፣ ከዚያ ነጥብ እየተያዘ ጨዋታ። አንድ ሰዓት አካል ብቃት። ሻወር። ማታ 1 ሰዓት እራት፣ ከ2 እስከ 3 ተቆጣጣሪ ያለበት ጥናት፣ ከዚያ ስልክ ለግማሽ ሰዓት። 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። አንዳንዱ ቤት ሜዳውን ጠዋት፣ ክፍሉን ከሰዓት ያደርገዋል። ያ ለውጥ አያመጣም።

እስቲ እንቅልፏን ያስሉት። ከ4 እስከ 12 ሰዓት ስምንት ሰዓት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ሐኪሞች የሚመክሩት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ይህ ሰሌዳ በትክክል ቢጠበቅ እንኳ ዝቅተኛው ላይ ናት። 5 ሰዓት ተኝታ ሌሊት 11 ሰዓት የምትቀሰቀስ ከሆነ ግን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የምትተኛው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ የከረመች ልጅ እሁድ ብታለቅስ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ረቡዕ ማታ ይደውሉ። «ደህና ነሽ?» አይበሉ፤ መልሱ «ደህና» ነው፣ አለቀ። ይልቅ «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ይበሏት። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላሽ?» ይበሏት። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሳታመነታ የልጅ ስም ከጠራች፣ «እሷ እኮ እንዲህ አለችኝ» ብላ ወሬ ከጀመረች፣ ግማሹ ጭንቀት ይቅለልዎ። «ብቻዬን» ካለች፣ እሱም ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ፣ የዶርም ኃላፊዋን በስም ፈልገው ያነጋግሩ። አሰልጣኙ የሚያውቀው ሜዳውን ነው፣ ምግብ ቤቱን አያውቅም።

«የራኬትሽ ክር ሲበጠስ ማን ይቀይርልሻል፣ በማን ብር?» ብለውም ይጠይቋት። ክር የሚያልቅ ነገር ነው፣ ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ቤት ላለማስቸገር ብለው በሞተ፣ ማለትም ውጥረቱ ባለቀ ክር የሚጫወቱ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ የሚደብቁ ልጆች አሉ። የእርስዎ ልጅ ከነዚህ አንዷ ብትሆን አይገርመኝም።

ሌላው የልምምዱ ብዛት ነው። የስፖርት ሐኪሞች ለወላጅ የሚሰጡት ቀላል መለኪያ አለ፤ ሳምንታዊው የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ እረፍት ይኑር። ለ14 ዓመት ልጅ 14 ሰዓት መሆኑ ነው። ብዙ አካዳሚዎች ይህን ያልፉታል፣ አንደባበቅ። ስላለፉት ብቻ ልጅዎን አያስወጡ። ግን ትከሻዋን፣ ክርኗን፣ የታችኛው ወገቧን ይጠይቋት። በተለይ በፍጥነት በምታድግበት በዚህ ዕድሜ ሁለት ሳምንት ያለፈው የወገብ ሕመም ማሻሸት ሳይሆን ሐኪም ይፈልጋል። የወር አበባዋ ከጀመረ በኋላ ቀርቶ ከሆነም እንዲሁ። ይህን ለወንድ አሰልጣኝ አትነግርም፣ ለእርስዎ ትነግር ይሆናል።

ወደ እናትዎ ልምጣ፣ እንቅልፍ እንዲያገኙ። የኬንያ አዳሪ ቤት ምግብ ለጾም ያን ያህል ጠላት አይደለም። ኡጋሊ የበቆሎ ዱቄት ነው። ሱኩማ የኛው ጎመን ዘመድ ነው። ጊዘሪ የሚሉት ደግሞ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ ነው። ሦስቱም በዘይት ከተሠሩ ጾም ናቸው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሐዋሳ ሰው አልከፍትም።) በሶ፣ ቆሎና የተፈጨ ኦቾሎኒ ሊልኩላት ይችላሉ፤ በሶ በተለይ ከልምምድ በኋላ ይጠቅማታል። ችግሩ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳትበላና ሳትጠጣ ቆይታ ሜዳ መውጣት የለባትም። የዚህን ፈቃድ እርስዎም እኔም አንሰጥም፤ ንስሐ አባታችሁን ያነጋግሩ፣ እናትዎ ባሉበት ቢሆን ይሻላል። ቃሉን ከእሳቸው ከሰሙ ነገሩ ያልቃል።

ትምህርቱ ላይ ግን እጨክናለሁ። «መጥታ ትምህርቷ ላይ ታተኩር» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህም መንገዱ አልጋ በአልጋ አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሐዋሳ መመለስ በራሱ ዋስትና አይሆንም። ናይሮቢ መቆየትም አይሆንም። ዋናው ክፍል ውስጥ ምን እየተማረች እንዳለች ማወቁ ነው።

ለብዙ የአካዳሚ ልጆች ቴኒስ የሚከፍተው ትልቁ በር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ነው። ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የዊምብልደንን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫ አንስታለች፣ ከዚያ በኋላ የሄደችው አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ አገር የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ ላይ ለመጫወት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት 16 ዋና ዋና ኮርሶችና ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠየቃል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ እዚያ ውስጥ አሉ። ቆጠራው የሚጀምረው ከ9ኛ ክፍል ነው። ልጅዎ በዕድሜዋ እዚያ ትመስለኛለች። ስትመጣ ሻንጣዋን ሲፈቱ ደብተሮቿን ያውጡ። የሒሳብ ደብተሯ ግማሽ ድረስ ካልተጻፈበት፣ ወይም «በኦንላይን ነው» የሚባል ነገር ብቻ ካለ፣ አካዳሚው ተማሪ ሳይሆን ተጫዋች ብቻ ነው እያኖረ ያለው። ያኔ እኔ እርስዎን ብሆን አስቀራት ነበር። ለማንኛውም ማኅተም ያለበት የውጤት ካርድ ይዛ ትምጣ፤ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፊኬቷም ከእጅዎ አይውጣ። እዚህ ትምህርት ቤት ብትመለስ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቦታው ጤነኛ ከሆነ ነው። ፋሲካን የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ማንም ከመታት። አሰልጣኝ ለብቻዋ ክፍሉ ከጠራት፣ በማታ በግል ከጻፈላት፣ «ለቤተሰብ አትንገሪ» ካላት። በሰው ፊት ውፍረቷን ከሰደበ። ታማ በማስታገሻ ካጫወቷት። ከእናቷ ጋር ለብቻዋ እንዳታወራ ከከለከሏት። ከነዚህ አንዱን ከሰሙ ክርክር የለም፣ ሄደው ያምጧት። ፓስፖርቷ ማን ጋ እንደሆነም ዛሬውኑ ይወቁ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ብር ከተገኘ ሳይጠሩም ቢሆን አንዴ ይሂዱ። የወላጆች ቀን ተብሎ ሁሉም ነገር በታጠበበት ዕለት አይሂዱ፣ ተራ ረቡዕ ላይ ይሂዱ።

ወንድምዎን በተመለከተ «ያ ሁሉ ብር» የሚለው አነጋገር ይገባኛል፣ ብሩ ከላቡ ነው የወጣው። ግን የወጣው ወጥቷል፤ ልጅቷ ብትቆይም ብትመጣም አይመለስም። አትርፋ ትከፍለኛለች የሚል ሐሳብ ካለውም አሁኑኑ ይቁረጡለት። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የ2013 (እ.ኤ.አ.) ገቢና ወጪ አይቶ ባወጣው ግምገማ ወጪዋን በሽልማት ገንዘብ መሸፈን የቻለችው እስከ 253ኛ ደረጃ ድረስ ያለች ሴት ነበረች፣ እሱም የአሰልጣኝ ወጪ ሳይቆጠር። ከዓለም ሁሉ 253! «የከፈልከው ለትምህርቷ ነው» ይበሉት። እንደዚያ ካሰበው ቅር አይለውም። ከዚያ ራሱ ደውሎ ለልጅቷ ይንገራት። ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ማጽናኛ ነው ብላ ታልፈዋለች፤ ከከፋዩ አፍ ሲሆን ግን ታምናለች።

ከአባቷም የሚጠበቅ አለ። «ትጽና» ማለቱ ክፋት የለውም። ብቻውን ሲሆን ግን ለልጅ «በሩ ተዘግቷል» ማለት ነው። «እኔ እንድትጸኚ እፈልጋለሁ፣ ብትመለሺ ግን ቤትሽ ነው፣ ዕቁቡን ማንም አያነሳብሽም» ይበላት። ይህን የሰማ ልጅ አንዳንዴ ራሱ ወስኖ ይቆያል። አንዳንዴም ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። ቃሉ ቃል እንዲሆን ሁለተኛውንም መቀበል አለበት።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ረቡዕዋ ጤነኛ ከሆነ፣ ማለትም የምትተኛ፣ ከሰው ጋር የምትበላና የምትማር ከሆነ፣ የዘንድሮውን የትምህርት ዓመት ትጨርስ። ዓመቱን ከመሃል መቁረጥ እዚህም እዚያም ያስቸግራታል። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷ ትበል።

ለፋሲካ ስትመጣ ግን በመጀመሪያው ቀን አይጠይቋት። ትተኛ። ዶሮዋን ትብላ። ራኬቷን ካልነካች አይንኩባት፣ «ሜዳ አትሄጂም ወይ?» የሚል ሰው ካለም ዝም ያሰኙልኝ። ወደ ሦስተኛው አራተኛው ቀን ላይ ሁለታችሁ ብቻ ሐይቁ ዳር ወጣ በሉና ያኔ ይጠይቋት። የወሰናችሁትን ይጻፉልኝ። የወንድምዎንም መልስ ጭምር፣ እሱን ለማወቅ ጓጉቻለሁ።